ከመስቀል በኋላ

ታላቅ እህቴ ሆሳዕና ቤታችን ደጅ ተቀምጣ ለመስቀል ያጠራቀመችውን ቅቤ ታነጥር ነበር። ጎረቤት ብቅ ስትል «ሳትቀምሺ አትሄጂም!» ትላታለች፤ ልማዷ ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ጤነኛ ጡት ሆርሞን የሚቀበልበት ፕሮቲን አለው፤ የእህቴ የጡት ካንሰርም በዚያው ሆርሞኑን ሳይመገብ አልቀረም። ሆርሞኑን የሚያመነጨው የእንቁላል ማምረቻዋ (ኦቫሪዋ) በኦፕራሲዮን ቢወጣ ካንሰሩ ሊከስም ይችላል ብሎ ሆስፒታል አልጋ ይዞላታል።

«እሱንም የማበላው እኔ ነኝ በለኛ!» ብላ ሳቀችብኝ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ነገ እንሂድ» አልኳት።

«ቤት ሙሉ እንግዳ ጥዬ? ከመስቀል በኋላ።»

በዚያው ሌሊት፣ ካንሰሩ ሳንባዋ ደርሶ ኖሮ፣ ትንፋሿ ከብዶ ሳይነጋ አረፈች። አሁን በደጃችን የሚያልፈውን ሰው የሚጠራው የለም።

በተቀበረች ማግስት ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ አልጋዋን ለሌላ ሴት እንዲሰጡ ነገርኳቸው።