ዓይን በላው የተባለው ልጅ

የእህቴ የበኩር ልጅ ሲወለድ እብናት አጠገብ ያለው መንደራቸው በግዝፈቱ ተገረመ። ከሁሉም ጮክ ብላ ያደነቀችው ጎረቤቷ ሸክላ ሠሪዋ ነበረች። ልጁ በማግስቱ ሞተ። የእህቴ አማት «በስመ አብ እንኳ ሳትል አየችው፤ በዓይኗ በላችው» አሉ፤ በቃ፣ ፍርድ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሸክላ ሠሪዋ እሳት ልትጭር ስትመጣ እንኳ በር ይዘጋባት ጀመር።

እህቴ ዳግም ስታረግዝ አማቷ ደበቋት። ገበያ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ጤና ጣቢያ የለም። ሆዷን በጋቢ ሸፍና ጓዳ ተቀመጠች፤ ጉልበት ይሆናታል እየተባለ በሶ በማር ይቀርብላታል። እኔ ደብረ ታቦር ነው የምኖረው። ማርገዟን የሰማሁት ሰባተኛ ወሯን ከያዘች በኋላ ነው። ደሜ ፈላ። ሄድኩ፤ ከአማቷ ጋር ተጨቃጨቅሁና ይዣት መጣሁ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በእርግዝናዋ ስኳር ተገኝቶባት ስለነበር ጥቂት አውቅ ነበር። ሆስፒታል ወስጃት እህቴ ትመርመርልኝ ስል የተቀበለን የጤና ባለሙያ ሳቀብኝ።

«ስኳር እኮ የከተማ ሰው በሽታ ነው። ገብስ የምትበላ የገበሬ ሚስት ስኳር ከየት ያገኛታል?»

«ግዙፍ ልጅ ወልዳ በማግስቱ ቀብራለች» አልኩት። «ካልመረመራችኋት ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

በባዶ ሆዷ ደም ሰጠች፤ ጣፋጭ ውሃ ጠጥታ ከቆየች በኋላም ደግማ ሰጠች። ውጤቱ ሲመጣ ሰውዬው አልሳቀም። ወደ አንዲት ሐኪም መራን።

ሐኪሟ በእርግዝና የሚመጣ ስኳር መሆኑን አስረዳችን። የእናትየው ስኳር ጽንሱን ከልክ በላይ ያፋፋዋል፤ ሲወለድ ግን የራሱ ስኳር በድንገት ሊወርድበት ይችላል። የመጀመሪያውም በዚሁ ሳይሞት አይቀርም አለች።

«ታዲያ ያቺ ሴት ምን አደረገች?» አለች እህቴ። ሐኪሟ ስለማን እንደምታወራ አልገባትም።

ማር ተከለከለች፣ መርፌ ታዘዘላት፤ እኔ ዘንድ ሰንብታ ሆስፒታል ወለደች። ልጅቱ ደህና ነበረች። ወደ መንደር ስሸኛቸው የሐኪሟን ቃል አንድ በአንድ ለአማቷ ነገርኳቸው። «እሰይ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ፤ የገባቸው መሰለኝ።

ሸክላ ሠሪዋ መምጣታችንን ሰምታ ኖሮ ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለች። የእህቴ አማት ፈጠን ብለው የሕፃኗን ፊት በነጠላ ሸፈኑ።

«እማማ፣ ስኳር ነው አልኩዎት እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሰው ፊት ትልቅ ሰው ላይ መጮኼ ዛሬም አይቆጨኝም።

እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። «ምነው ልጄ፣ ስኳሩንስ ቢሆን ማን ለቀቀባት?»

እህቴን አየኋት። እሷም ነጠላውን አልገለጠችውም።