ከሳንሱሲ እስከ ቤቴል የዘገየ መርዶ

ንጋት 11 ሰዓት፣ ሳንሱሲ

ከቤት የወጣሁት ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አስካለ የልጇን ሞት ለመንገር ነው። ጳውሎስ ጁባ በሾፌርነት ሲሠራ ታሞ ካረፈ ስምንት ቀኑ ነው። እሷ ግን ትናንትም ድምፁን ሰምታለች።

እትዬ ከልብ ሕመም ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ስለነበር፣ ጠና እስክትል መርዶው ይቆይ ተባባልን። ይህ የኖረ ወጋችን ነው። ጣጣው ጳውሎስ በየቀኑ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይልክላት የነበረ መሆኑ ነው። እንዳትጠረጥር ብላ ሴት ልጇ ሜሮን የወንድሟን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እያስመሰለች ትልክላት ጀመር። ማሽኑ የሚማርበትን የጳውሎስን የቆየ ድምፅ ከስልኬ እየመረጥኩ የሰጠኋት ደግሞ እኔ ነኝ። የተሠራው ድምፅ አንጀት ይበላል፤ ስሰማው «አቤት» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ትናንት እትዬ ልጇ በሰላም እንዲመለስ ቅዳሴ ይደረግልኝ ብላ ቁምስናዋ፣ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኗ ሄደች። የልጁን ሞት የሚያውቁት አባ ፊሊጶስ ወዲያው ደወሉልኝ። «ነገ ሲነጋጋ ኮልፌ ጠብቀኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። እኔም ለሜሮንና ለዕድሩ መርዶው ጠዋት እንደሚነገር አሳወቅኳቸው።

11፡40፣ ኮልፌ

ሃያ ብር ከፍዬ ወረድኩ። በር የሚበይዱት ልጆች ብረታቸውን ወደ አስፋልቱ ዳር እያወጡ ነው። እትዬ መድኃኒቷን በባዶ ሆዷ እንዳትውጥ ትኩስ ዳቦ ገዛሁ። አባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፌርማታው ላይ ቆመዋል። የጦር ኃይሎች ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«አባ፣ ለደግ ብለን እኮ ነው።»

«ለደግ መሆኑን አውቃለሁ። ማሽኑንም አልጠላሁትም፤ ሐኪሞቹም ልቧን ያዩላት በማሽን ነው። ግን ጳውሎስ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው ነው። ካረፈ በኋላ በድምፁ የሚናገረው ማን ነው? እሷንስ ምን አደረጋችኋት? ለነፍሱ መጸለይ ሲገባት ለመንገዱ ትጸልያለች።»

«ልቧ ቢቆምስ?»

«እኔም እሱን እፈራለሁ» አሉና መቁጠሪያቸውን አወጡ። እንዲያጽናኑኝ ነበር የጠበቅኩት፤ ጭራሽ ፍርሃቴን አባሱት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋቱ እየጠራ ነበር፤ እውነቱን የሚናገር አፍ ግን አልነበረኝም።

12፡20፣ አየር ጤና

ቤቴል የሚለው ታክሲ አልሞላ ብሎ ቆሟል። ሜሮን ደወለች።

«ጋሼ፣ የት ደረሳችሁ? ተነሥታለች! ቅዳሴ ልሂድ እያለች ነው። ጎረቤቱ በሙሉ በር ላይ ተሰብስቧል፤ ወጥታ ካየቻቸው አለቀ!»

«ዳቦ እየመጣልሽ ነው፣ መድኃኒትሽን ሳትውጪ አትሄጂም በያት!»

የቀረውን ወንበር ሁሉ እኔ እከፍላለሁ ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ አባን አየና «ለቅሶ ነው እንዴ?» ብሎ በሩን ዘጋው።

ቤቴል

በሩ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና የዕድሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። እኔ ቀድሜ ገባሁ። እትዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን አፏ ሥር ይዛ ለማታው መልእክት መልስ እየቀዳች ነበር። «ልጄ፣ ክፉ አይንካህ። ወጥተህ ግባ። አንተው ቅበረኝ» ትላለች። ዳቦው ከእጄ ወደቀ።

ሜሮን ዳቦውን አንሥታ እናቷን አስቀመሰቻትና መድኃኒቷን አዋጠቻት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ አባም ተከተሉ። እትዬ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አየች።

«ማነው?» አለች።

አባ አጠገቧ ተቀመጡ። «ጳውሎስ ነው፣ እትዬ አስካለ። ካረፈ ስምንት ቀኑ ነው።»

ጩኸቷን እዚህ አልጽፈውም። ደረቷን ስትመታ እጇን ያዝናት፤ ልቧ ግን አልቆመም። ብዙ ካለቀሰች በኋላ በጣቷ ስምንት ቀን ስትቆጥር ታየኝ። ከዚያ ወደ ሜሮን ዞረች።

«ታዲያ ሰሞኑን የመረቅኩት ማንን ነው?»

ሜሮን እግሯ ላይ ወደቀች። እኔም ድምፁን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ አጠገቧ ተንበረከክኩ። እትዬ ሁለታችንንም አላየችን። «አባ፣ ለነፍሱ ይቀድሱልኝ» አለች፤ ተነሥታም ነጠላዋን ራሷ አዘቀዘቀች።

ሳንሱሲ፣ በሦስተኛው ቀን

ከድንኳኑ ተመልሼ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እትዬ እንዴት ናቸው? ቻሉት?»

«እሷስ ችላዋለች» አልኳት። «ያልቻልነው እኛ ነን።»