የአዛናው ጣሪያ ጥላ

ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ሰው ሁሉ መኪና ሲበዛለት የሚከብር ይመስለዋል። ሐጂ ጀላልም እንደዚያው መሰላቸው፤ ወይም እንደመሰላቸው ሆኑ። በኅዳር ሁለተኛ የመፈልፈያ መኪና አስመጥተው ክፍል አሠሩለት። ጥር ሳይገባ ግን አዲሱ መኪና ከአሮጌው ጋር ተፋጦ የሚውል ሥራ ፈት ሆነ። በሩ ላይ ደግሞ በማዳበሪያ የታጨቀ ሩዝ ተቆልሎ፣ ባለቤቱ ገበሬ ተቆጥቶ ይውላል።

የመፈልፈያው ኃላፊ አዛናው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ ነው። የአባቱን ቤት አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ከወሰደበት ወዲህ፣ ከሚስቱ ከእናኑ ጋር የሚኖረው እዚያው መፈልፈያው ግቢ፣ ሐጂ በሰጡት ጥግ ላይ ባቆመው የጭቃ ቤት ነው። ባሕር ዛፉን የተሸከመው እሱ፣ ጭቃውን የረገጠችው እሷ። ልጃቸው የተወለደችውም እዚያ ነው።

«አዛናው» አሉት ሐጂ አንድ ቀን፣ «ገበሬው ወደ ማዶው መፈልፈያ እየሄደብን ነው። እንዲህ ከቀጠለ በሩን መዝጋቴ ነው። ሥራው የት ላይ እንደሚታነቅ ፈልግልኝ።» ይህን ሲሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አዛናው ያን ጊዜ ልብ አላለውም።

ፈለገ። መጀመሪያ መኪናዎቹን ጠረጠረ፤ መኪናዎቹ ምን በወጣቸው፣ የሚፈለፍሉት አጥተው ነው ዝም ያሉት። ቀጥሎ ተሸካሚዎቹን ጠረጠረ፤ እነሱም ቁጭ ብለው የሚሸከሙትን ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ከተቆለለው አንዱን ማዳበሪያ ፈታና ፍሬውን በጥርሱ ነከሰ። የደረቀ ሩዝ ቀጭ ይላል፤ ይህ ግን ተላቆጠ። ርጥብ ሩዝ ከተፈለፈለ የሚወጣው ስባሪ ነው፤ ስባሪ ይዞ ደግሞ ይፋግ ገበያ የሚወጣ ገበሬ የለም። ስለዚህ ሁሉም ሩዙን ፀሐይ ላይ ሊያደርቅ ግቢው ውስጥ ባለው ማስጫ ተራ ይጠብቃል።

ማስጫው ጠባብ መሆኑን ማንም ያውቃል። አዛናው በማግስቱ ጠዋት ያየው ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ወጥታ ሳለ ከማስጫው እኩሌታው ላይ ጥላ ተኝቶበታል፤ እስከ ረፋድም አልለቀቀውም። ጥላው የቆርቆሮ ጣሪያ ቅርጽ ነበረው። የማን ጣሪያ እንደሆነ ለማወቅ ዞር ማለት አላስፈለገውም። ማስጫውን በሌላ ወገን እንዳያሰፉት በአንዱ በኩል አስፋልቱ፣ በአንዱ የሰው አጥር፣ በአንዱ መኪናዎቹ አሉ። የቀረው የእሱ ቤት የቆመበት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ወጥመድ ውስጥ እንደገባች ቆቅ ሆነ። ቢናገር ቤቱ ይፈርሳል፤ ዝም ቢል መፈልፈያው ይዘጋና ቤቱም እንጀራውም አብረው ይሄዳሉ። ቁሐር እንዳይመለስ መሬቱ ክረምት ክረምት ውኃ ይተኛበታል። ሐጂ «አገኘኸው?» ሲሉት «እያየሁ ነው» ይላል። እሳቸውም አጥብቀው አይጠይቁትም፤ እንዲያውም ቀለል የሚላቸው ይመስላል። አዛናው አፈረ፤ ከእናኑ ጋር እንኳ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተው።

በዚህ መካከል የአባቱ ጎረቤት የነበሩት እማማ ደብሬ ተራቸው ደረሰ። ማዳበሪያቸው ሲፈታ ሩዙ ታፍኖ ሸትቷል። አሮጊቷ ከፍሬው ዘግነው አሸተቱና መልሰው ጣሉት።

«ምን ታደርግ ልጄ» አሉት፣ «ፀሐይ እንደሁ በእጅህ አይደለች።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቀጥ ብሎ ሐጂ ዘንድ ሄደ።

«ሐጂ፣ ሥራውን ያነቀው የኔ ቤት ነው።»

ሐጂ ጀላል «አውቃለሁ» አሉ። «ሁለተኛውን መኪና ያስመጣሁት ለምን ይመስልሃል? ቤትህን አንሣ ከምልህ መኪና መግዛት ቀለለኝ። አንተው ብታገኘው ብዬ ነበር።»

አዛናው ተናደደ፤ በማን እንደሚናደድ ግን አላገኘም። ይሉኝታ እንዲህ ናት፤ ሁለት ደግ ሰዎች ተፋፍረው የአንዲት አሮጊት ሩዝ አበላሹ።

«መኪናው ይሸጥና ክፍሉን እናንተ ግቡበት» አሉ ሐጂ። አሮጌው መኪና በግድግዳው ማዶ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀጠቅጠው፣ መስኮት አልባ ክፍል ነው። አዛናው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እናኑ ቆርቆሮውን ሲነቅል ቆማ አየችው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሞኙ ራሱ ሲቆርጥ ግን ዛሬ አየሁ» አለች። ከዚያ ልጇን አዝላ ዕቃውን ታጋዝ ጀመር።

በሳምንቱ ማስጫው ሰፋ፤ ፀሐይም ከማለዳው ሞላችው። አንድ የቁሐር ገበሬ ሩዙን ዘርግቶ፣ በባዶ እግሩ እያገላበጠ፣ ዙሪያውን አየና ግራ ገባው።

«እዚህ ቤት አልነበረም?»

ገበሬው የቆመው የአዛናው መደብ በነበረበት ላይ ነው።

«ነበር» አለ አዛናው። «ደኅና አርገህ ገልብጠው፤ ሥሩ ገና ርጥብ ነው።»