ጋሽ ቁጥሩና ጫፉ ባዶ የሆነው ቀስት

አሁንም ድረስ ሳስበው ክው እላለሁ። ስንት መሥሪያ ቤት ገብቼ ስንት ጉድ ያየሁ ሰው ነኝ፤ የዚያን ሆስፒታል መዝገብ ክፍል ያህል ያስደነገጠኝ ግን የለም። የሚገርመው ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሰነፍ፣ አንድም ሌባ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እሱ ላይ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

ሥራዬ ሥዕል ነው። የግድግዳ ጌጥ አይምሰላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ሊያስገባ ሲያስብ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ጣታቸውን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት እኔ እገባና ሥራው ከማን ተነሥቶ ወደ ማን እንደሚሄድ በትልቅ ወረቀት ላይ እስላለሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን አንድ ቀስት። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሁሌም ይነጫነጩብኛል። «አንቺ ሦስት ሳምንት ሳጥን ስትስዪ እኛ ግማሹን በጨረስነው ነበር» ይላሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብዬ አፋቸውን አስይዛለሁ። የማልደራደርበት አንድ ሕግ አለኝ፤ ቀስት አየር ላይ አይቀርም። ጫፉ ላይ የሚቀበል ሰው መኖር አለበት።

ጋሽ ቁጥሩን የተዋወቅኋቸው እዚያ ሆስፒታል ነው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን በካርድ ቁጥሩ ሲያስታውሱ ኖረው ስማቸው ቁጥሩ ሆኖ ቀረ። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ ካርዱ ነው የሚመጣላቸው። «ሰባት ሺህ አራት መቶ ሁለት! ጉልበትህ ተሻለህ?» ይላሉ። ሰውየው ይስቃል፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው መደርደሪያ ሊወለውሉ ተቀጠሩ፤ ቀስ እያሉ የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም፣ ጣሪያ ድረስ የተደረደሩትን ካርዶች በብረት መሰላል እየወጡ ሲያወርዱ ወጣት ያስንቃሉ። በሦስት ነገር ይኮራሉ። አንድም ካርድ ጠፍቶባቸው አያውቅም። የታሸገ ፖስታ ከፍተው አያውቁም፤ «የሰው ገመና ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ይላሉ። ዘመድ ደግሞ በጓሮ በር አያስገቡም። ታናሽ ወንድማቸው እጁን ሰብሮ ሲመጣ «ሰልፍህን ያዝ» ብለውት ዓመት ሙሉ አኩርፏቸዋል። ባለቤታቸው ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። «አንተ እኮ ያገባኸው መደርደሪያውን ነው፤ እኔን ያመጣኸኝ ቤት እንድጠብቅልህ ነው» እያለች እንደምትቀልድባቸው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እየነገሩኝ በሳቅ ዕንባቸው መጣ።

ነገሩ የፈነዳው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስብሰባ ክፍል ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ጋሽ ቁጥሩና የቀዶ ሕክምና ዶክተሯ። ወረቀቱ ግድግዳውን ሞልቶታል። የቀረን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከበሽተኛ ገላ ተቆርጦ ለምርመራ የሚላከው ናሙና። ናሙናው ሌላ ቦታ ወዳለ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ በሦስት ሳምንት በታሸገ ፖስታ ይመለሳል። በአምስት ደቂቃ ጨርሰን ልንወጣ ነው።

«ፖስታውን ማን ይቀበላል?» አልኩ።

«እኔ ነኛ!» አሉ ጋሽ ቁጥሩ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ቀኑን በእርሳስ እጽፍበትና ካርዱ ውስጥ አስገባዋለሁ። አንድም ቀን አድሮብኝ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካርዱ ቦታው ይገባል። ዶክተር ስትፈልገው ታስመጣዋለች።»

ወደ ዶክተሯ ዞርኩ። «መቼ ነው የምታስመጪው?»

«በሽተኛው ሲመጣ ነዋ» አለች ስልኳን እያየች።

«በሽተኛውስ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሲጠራ። ውጤቱ ሲደርስ እንጠራሃለን ብለን ነው የምንሸኘው።»

«ማነው የሚጠራው?»

«መዝገብ ክፍል» አለች፤ ምን ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያየችኝ።

«እኛ?» አሉ ጋሽ ቁጥሩ። «እኛማ የታሸገ አንከፍትም። ምን ብለን እንጠራለን? የምትጠሩት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ዶክተሯ ስልኳን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ቀስቱ ከመደርደሪያው ይወጣና የትም አይደርስም። ማንም ማንንም አይጠራም ነበር!

ይህን ያህል ዘመን እንዴት አልታየም ትሉ ይሆናል። አብዛኛው በሽተኛ ጭንቀት አላስቀምጥ ሲለው ሳይጠራ ራሱ ይመጣል። ሲመጣ ካርዱ ይወጣል፣ ፖስታው ይከፈታል፣ ሁሉም ሥራው የሠመረ ይመስለዋል። የተበሉት ጨዋዎቹ ናቸው። «እንጠራሃለን» ሲባሉ ቃሉን አምነው ቤታቸው የተቀመጡት። ካልጠሩኝማ ደህና ነኝ ብለው የተኙት። በኋላ ስንቆጥር የዚያ ዓመት ብቻ አርባ ሦስት ያልተከፈተ ፖስታ አገኘን። እኛም ሥዕሉን ዘልለን ብንገባ ኖሮ ያንኑ ጉድጓድ በኮምፒውተር አሳምረን እንቆፍረው ነበር።

እኔና ዶክተሯ «መጥራት የነበረበት ማነው?» እየተባባልን ስንጨቃጨቅ ጋሽ ቁጥሩ ከክፍሉ መውጣታቸውን ልብ አላልንም። ሲመለሱ አንድ ካርድ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ዶክተር፣ ይቺን ክፈቺልኝ» አሉ።

«የማን ናት?»

«አሥራ አንድ ሺህ ስልሳ።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «የባለቤቴ ናት።»

ጡቷ ላይ ትንሽ እብጠት ወጥቶባት እንደማንኛውም ሰው ተሰልፋ ተመርምራ ነበር። ፖስታው ሲመጣ የተቀበሉት፣ ቀኑን የጻፉበት፣ ካርዷ ውስጥ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። በእርሳስ የተጻፈው ቀን አራት ወር ሆኖታል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አልጠየቁም?» አልኩ፤ ሳላስበው ጮህኩባቸው።

«ምን ብዬ ልጠይቅ ልጄ? ዘመድ ነው ብዬ ሰው ላስቀድም? እሷም በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር፤ ጠሩኝ ወይ ትለኛለች። አልጠሩሽም እላታለሁ። ክፉ ነገር ቢኖር መች ዝም ይሉ ነበር አለች። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።»

ዶክተሯ ፖስታውን ቀደደችው። አነበበች። ገልብጣ ደግማ አነበበች።

«ያኔ ነበር መጀመር የነበረብን» አለች በመጨረሻ። «አልዋሽዎትም ጋሽ ቁጥሩ፣ አራት ወር ቀላል አይደለም። ግን አልቆላታል አላልኩም። ዛሬ ትምጣ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ።»

ለጋሽ ቁጥሩ ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። ያ ሺህ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው የቤቱ ስልክ ጠፋበት። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ በሦስተኛው ጠራ። ጆሯቸው ደከም ስለሚል የስልካቸው ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ሁላችንም ሰማነው።

«ምነው በሥራ ሰዓት? ምሳህን ረስተህ ሄደህ ነው አይደል?» አለች።

«የልጆቼ እናት፣ የያዝሽውን ተይውና አሁኑኑ ወደዚህ ነይ። ዶክተሯ ትፈልግሻለች።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «ጠሩኝ?»

«አዎ።»

«እሰይ! ዘግይተውም ቢሆን አልረሱኝም» አለች። ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ መሳቢያ ሲከፈት ይሰማል። «ቆይ፣ ካርዴን የት ነው ያደረግሁት?» ከዚያ በራሷ ሳቀች። «ምን ነካኝ! ካርዴ አንተ ጋ አይደል እንዴ?»

ጋሽ ቁጥሩ ግድግዳውን ተደገፉ።

«አዎ» አሉ። «እኔ ጋ ነው። አራት ወር ሙሉ እኔ ጋ ነበር።»