የሼሁ የውዱእ ውሃ

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እንዳልዋሽ እፈራለሁ። በጃንሆይ ጊዜ ነው። ትልቁ ልጄ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ በጨፋ ማሽላው ተወቅቶ አልቆ፣ ሁዳዴ ሊገባ የተቃረበበት ሰሞን ነው። ከዚያ በላይ አላውቅም። ትምህርቴ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት እስክጀምር ድረስ ነው፤ ቀን የመያዝ ልምድ የለኝም።

የተያዝኩት በግጦሽ ምክንያት ነው። ከቦርከና ዳር ከብቶቻችን የሚውሉበትን ሜዳ አንድ ሹም ለእርሻዬ እፈልገዋለሁ ብሎ ከለከለን። ሰዉ ተሰብስቦ አቤት እንበል አለ። አብዛኛው እስላም ነው፤ እኛ ክርስቲያኖቹ ጥቂት ነን። "አንተ አማርኛው ይቀናሃል፣ ተናገርልን" አሉኝ። ተናገርኩ። ሜዳው የአባቶቻችን ነው፣ ከብቱ የት ይዋል፣ ይኸው ነው ያልኩት። ከሚሴ ከተማ ወስደው "ሕዝብ አሳድመሃል፣ ንጉሡንም ሰድበሃል" አሉኝ። የንጉሡን ስም በአፌ አልጠራሁም። ሰድቧል ብሎ የመሰከረብኝ አበልጄ ነው፤ ያን ዳዴ የሚል ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የነቀዘ ማሽላ ሽታ ነው፤ ለአፍታ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ የሰው ላብ፣ ከጥጉም የሽንቱ እንስራ ሽታ ተከተለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። አንድ ሽማግሌ ሰሌናቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

"አብሽር፣ ና እዚህ ቁጭ በል። ክርስቲያን ነህ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ከኔ ጎን ተኛ። እኔ አላንኮራፋም፤ ማዶ ያሉት እስላሞች ግን የከፉ ናቸው።"

ከማዶ ሳቅ ተሰማ። "ሼሁ ዋሹ" አለ አንዱ። "ወላሂ፣ እሳቸው ሲያንኮራፉ ቆርቆሮው ይነሳል።"

ሼሁም የታሰሩት በዚያው በሜዳው ነገር ነው፤ ሰዉ ሲሰበሰብ ዱዓ አድርገዋል ተብለው።

ሁዳዴ ገባ፣ ጾምኩ። ጎሕ ሲቀድ እየተነሳሁ አባታችን ሆይን እላለሁ። ሼሁም ያኔ ይነሳሉ። ለየሰው በቀን አንዲት ጣሳ ውሃ ትሰጠናለች፤ እሳቸው ትንሽ ጠጥተው የቀረችውን ለውዱእ፣ ከስግደት በፊት ለሚታጠቡባት፣ ቆጥበው ያኖራሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ እንኳ ያቺን ውሃ አይነኳትም።

አንድ ጠዋት እንዲህ አሉኝ፦

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ።"

"ኧረ ይጠይቁኝ፣ አባባ።"

"ጸሎትህን እሰማለሁ። ጥሩ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ዘለል ትልና ትጨርሳለህ። ያቺ ምንድን ናት? ረስተሃት ነው?"

"አልረሳኋትም። የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለዋ ናት። ስላት ውሸት ይሆንብኛል።"

ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"በጌታ ፊት ከመዋሸት መዝለልህ ይሻላል። ግን እሷን ዘለህ የት ልትደርስ ነው?"

ሆዴ ይጾማል፤ ልቤ ግን ያን አበልጄን ሲያኝክ ነበር የሚውለው። ከእንጀራው ይልቅ ቂሙ ነበር የሚያጠግበኝ።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው በሩ ተከፈተና አበልጄን ገፍተው አስገቡት። ምስክርነቱን ሌላ ሹም ፊት ሲደግም ቃሉ ተለያይቶበት፣ አንተም ከነሱ ነህ ብለው ነው። ሁሉም አወቀው። የሰደበው የለም፤ ቦታ የለቀቀለትም የለም። እንስራው አጠገብ ተቀመጠ። አገሩ ከሰንበቴ ከተማ ወዲያ ነው፣ ስንቅ የሚያመጣለት ሰው አልነበረውም፤ ሼሁ ከንፍሯቸው ይዘግኑለት ነበር። ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

የፋሲካ ዕለት ቀትር ላይ ባለቤቴ አገልግል ላከች። ዘበኛው በእንጨት አማስሎ ፈተሸና ሰጠኝ። ዶሮ ነበር። የክርስቲያን ሥጋ እስላም አይበላም፣ የእስላሙንም እኛ አንበላም፤ በአገራችን ይህ ጠብ አይደለም፣ ደንብ ነው። በጾሙ ወራት እንጀራዬን በሽሮ ከእስላሞቹ ጋር ነበር የምበላው። ያን ቀን ግን በዚያ ቤት ገበታዬን ሊቋደስ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር።

አገልግሉን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ብቻዬን ልበላ ነው።

ሼሁ ተነሱ። ጣሳቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ።

"እጅህን ዘርጋ።"

"አባባ፣ ለዙህር ስግደት ያስቀመጧት የውዱእ ውሃ ናት እኮ።"

"የምን እንደሆነች አውቃለሁ። ዘርጋ።"

ማስታጠብ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ በዕድሜ አባቴ ናቸው። ቄሳችን በጸሎተ ሐሙስ እግራችንን ሲያጥቡ የማፍረው ዓይነት ሐፍረት ያዘኝ። አፈሰሱልኝ። ከዚያ ወደ እንስራው ሄዱ።

"አንተም ዘርጋ።"

አበልጄ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።

"አንተን እኮ ነው። ወገቤን አመመኝ፣ ቶሎ በል።"

ዘረጋ። እስከ ጠብታዋ አፈሰሱለት፣ ጣሳዋንም ገለበጧት። ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ሁለት መዳፋቸውን በደረቁ የጭቃ ግድግዳ ላይ መታ አደረጉና ፊታቸውንና እጃቸውን በአፈሩ አበሱ። ውሃ ያጣ እስላም እንዲያ ነው የሚያደርግ። ሰሌናቸውን አስተካክለው ለስግደት ቆሙ።

እኔና እሱ እጃችን እንደረጠበ ቀረን።

"አበልጅ፣ ና ቅረብ" አልኩ።

በጉልበቱ መጣ። እንቁላሏን ለሁለት ከፍዬ ግማሿን አጎረስኩት። ጉንጩን ሞልታ እንዳለች፣

"ልጃችን ቆመ?" አለኝ።

"ቆመ። ድክ ድክ ይላል አሉ።"

በላን።

ማግስቱን ጠዋት ጸሎቴን ሳልዘል ጨረስኩ። ከጎኔ ቀስ ብሎ "አልሃምዱሊላህ" ሲባል ሰማሁ።

ሼሁን ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው፤ ዳግም አልተገናኘንም። እኔ ክረምቱ ሳይወጣ ተፈታሁ። ሜዳው አልተመለሰልንም።

አሁን አርጅቻለሁ። ቄሶች ስለ አዲስ ሰው ሲሰብኩ፣ ድሮ እንደ ልብስ አንዴ የሚለበስ ይመስለኝ ነበር። ለኔ ግን እንደ ማሽላችን ነው የሆነብኝ፤ ቶሎ አይደርስም፣ ከደረሰም በኋላ ወፍ ይጠበቃል። ያ ቂም ስንት ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ። በመጣ ቁጥር ያን የጭቃ ግድግዳና በላዩ የቀረውን የሼሁን የመዳፍ ምልክት አስባለሁ፤ ያቺን ቃል ሳልዘል እላታለሁ።

ስማቸው ሼህ ይመር ነበር።