ሽማግሌ ጭኖ የሚያላዝን መኪና

ደብረ ብርሃን፣ ጎህ ሲቀድ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ ሽማግሌ ሆነን ዘመሮ እንሄዳለን። ታናሽ ወንድሜ ዘሪሁን ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ አባት፣ አቶ ደምሴ፣ ሁለት ጊዜ «ዘመድ ላማክር» ብለው ሽማግሌዎቻችንን መልሰዋቸዋል፤ እኔ አልነበርኩበትም። የዛሬው ሦስተኛው ነው፤ «ከቀትር በፊት ካልደረሳችሁ ነገሩን እንደተዋችሁት እቆጥረዋለሁ» ብለው ልከዋል። ማርፈድ የሚባል ነገር የለም።

እኔ ሞተር አስነስቼ ስጠብቅ አጎቴ ጋሼ ከተማ ፍራሽ አሸክመው ብቅ አሉ። ዘመሮ የተዳረች ልጃቸው አራስ ናት፤ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ሽምግልና ይሁን ጭነት ግራ ገባኝ። እየተነጫነጭኩ ፍራሹን ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ጫንኩና በጠፍጣፋ የናይለን ማሰሪያ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ከኋላ ገቡ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ ጸሎት አደረሱልን፣ ተነሣን።

ከጣርማ በር ማዶ፣ ጠዋት

ወደ መንዝ ታጥፈን ትንሽ ነዳጅ ስሰጠው መኪናው ማላዘን ጀመረ። ዋይይይ ይላል፣ ልክ ሌሊት እንደሚያላዝን ውሻ። ስቀንስ ዝም፣ ስጨምር ዋይይይ። ገደሉ በግራ፣ ጉም በቀኝ፣ ልቤ በአፌ።

ጋሼ ዘይት ጎድሎበት ነው አሉ። ቆሜ አየሁ፣ ዘይቱ ሙሉ ነው። ቀጥለው ነዳጁ ውሃ አለበት አሉ። እኔ ግን ወስኛለሁ፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታ ከነከሰ ጎማ ነቅሎ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እዚህ ዳገት ላይ ደግሞ ጎማ ቢሄድ ተከትለነው ነው የምንሄደው። ጋሼ «ለሽምግልና የወጣ ሰው መንገድ ላይ አይቆምም» ብለው ሲቆጡ አልሰማሁም። ዘሪሁን በየደቂቃው ይደውላል። ደረሳችሁ? ሞላሌም አልደረስን፣ ምን ልበለው?

ሞላሌ፣ ረፋድ

ገበያ ነው። በግ፣ ገብስ፣ አህያ፣ የሱፍ ባና ያጣፋ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ጥሩምባ ብነፋ ማን ከቁብ ይቆጥረኛል! እንደምንም ሰንጥቄ ጎሚስታ ጋ ደረስኩ። ልጁ መኪናውን በክሪክ አነሳና የፊቱን ጎማ በእጁ አሽከረከረው። ምንም ድምፅ የለም። ደህና ነው አለኝ። አላመንኩም። ፍታው አልኩት፣ ፈታው። ኩሽኔታው ደህና ነው። ሌላውንም ፍታው አልኩ። ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ፈታ። አራቱንም አስፈታሁ። እልህ የሚሉት በሽታ ነው።

አባ ወልዴ የገብስ ዳቦ በሻይ ገዝተው አመጡልን። ጋሼ ሰዓታቸውንና ፀሐይዋን እያፈራረቁ ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመሀል ሜዳ ወዲያ፣ ቀትር አልፎ

ዋይይይ! ያው ነው! ጎማው ተፈትቶ፣ ታስሮ፣ ያው ነው! መሪውን በቡጢ መታሁት። አባ ወልዴ «ልጄ፣ አትማረር» አሉኝ። እንዴት አልማረር?

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አወጣሁ። ሞተሩ ጸጥ አለ፣ ጩኸቱ ግን አልቆመም። ስለዚህ ሞተር አይደለም። መሪውን ግራ ቀኝ ብል አይለወጥም። ቀጥሎ መንገዱ ሲጠማዘዝ ነፋሱ ከኋላችን ሆነ፣ ጩኸቱም ጥፍት አለ። ደግመን ታጠፍን፣ ነፋሱ ከፊት መጣ፣ ዋይይይ። ነፋስ የሚያገኘው ጣሪያው ላይ ያለውን ነው ብዬ በመስኮት እጄን አውጥቼ የፍራሹን ማሰሪያ ጨበጥኩት። ዝም አለ። ለቀቅኩት፣ ጮኸ።

ማሰሪያው ነው! የወጠርኩትን ጠፍጣፋ ናይለን ነፋስ እያርገበገበው ነው እንጂ መኪናው ምንም አልሆነም። ወረድኩ፣ ፈታሁት፣ ሁለት ጊዜ ጠምዘዝ አድርጌ መልሼ አሰርኩት። አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል የለም። ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ባለኝ። ጋሼ አንዲት ቃል ተናገሩ። «በል ንዳ።»

ዘመሮ፣ ከሰዓት

አቶ ደምሴ ከወንድሞቻቸው ጋር ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ሽማግሌ ነንና ተደርድረን ቆምን፤ ባለቤቱ ተቀመጡ ሳይል አይቀመጥም። እምቢ ካለም እንደቆሙ መመለስ ነው። የሚናገረውም ታላቁ ብቻ ነው። ጋሼ ከተማ እጅ ነሥተው፣ ያስረፈደን የመንገዱ መበላሸት ነው አሉ።

«መንገዱ?» አሉ አቶ ደምሴ። «የጠዋቱ አውቶቡስ በዚያው መንገድ መጥቶ በሰዓቱ ገብቷል።»

ጋሼ ወደ አባ ወልዴ ዞሩ። የዘሪሁን ትዳር ዓይኔ እያየ ሊበላሽ ነው። ታናሽ ሽማግሌ ሳይፈቀድለት አይናገርም፣ አውቃለሁ፣ ግን አፌ ቀደመኝ።

«አባቴ፣ መንገዱ ምንም አልሆነም። መኪናው ሲጮህ ኩሽኔታ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ጎሚስታው ደህና ነው ቢለኝ አላመንኩም፣ አራቱንም ጎማ አስፈታሁ። የሚጮኸው ራሴ ያሰርኩት ማሰሪያ ነበር። ሰዎቹን ያስረፈድኳቸው እኔ ነኝ።»

ጋሼ በጫማቸው እግሬን ረግጠው ያዙኝ። አቶ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ይሄ ማነው?»

«የልጁ ታላቅ ወንድም ነው» አሉ ጋሼ፣ በቀስታ።

«ልጁን ማን ነው ያሳደገው?»

መልሱን የሰጡት አባ ወልዴ ናቸው። «አባታቸው ካረፉ ወዲህ ይሄው ነው ያሳደገው።»

አቶ ደምሴ ወንድሞቻቸውን ዞረው አዩ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«እንግዲያውስ» አሉ አቶ ደምሴ፣ «ግቡና ተቀመጡ።»

ጋሼ ከተማ ያን ጊዜ እግሬን ለቀቁልኝ።