ወደፊት ብቻ የምትሄድ መኪና

ሴትዮዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች። የሰው ጠብ፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው የአጥር ክርክር ሁሉ በአሥሩ ጣቶቿ በኩል አልፏል። ከዚያ ሁሉ የተረፋት የወገብ ሕመምና አንድ ልማድ ነው፤ ወሬ ሲረዝምባት እጇን አንስታ «አራት ነጥብ!» ብላ ትዘጋዋለች። ሰፈሩም እትዬ አራት ነጥብ ይላት ጀመር። እሷ አልከፋትም። «ከነጠላ ሰረዝ ይሻላል» ትላለች።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ መኪና ልግዛ አለች። ልብስ ሰፊው ባሏ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ ሳቀ።

«መንዳት የት ታውቂና?»

«ተምሬ ነዋ!»

ተማረችም። መንጃ ፈቃዷን ያገኘች ቀን ከእሷ በላይ የተደሰተው አስተማሪዋ ነው፤ ከእንግዲህ አጠገቧ አይቀመጥማ።

መኪናዋን ያገኘችው አሮጌ መኪኖች ከሚሸጡበት ግቢ ነው። ግቢው ሁለት በር አለው፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ሻጩ አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ከሚባሉት ወገን ነው። ገና ስትገባ «እናቴ» አላት፤ ዋጋ ሲነጋገሩ «እናት ዓለም» ላይ ደረሰ።

«ይቺን ቀይዋን ይመልከቱልኝ። አንዲት አስተማሪ ናቸው ሲነዷት የኖሩት። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት። በቃ።»

«ምንም እንከን የለባትም?»

«እንከን? ከእሷ እኔ እብሳለሁ!»

ከአፉ የወጣው እውነት ይህ ብቻ እንደነበር የገባት ኋላ ነው።

ቀይዋ መኪና አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙራ ቆማለች። ሴትዮዋ በመውጫው ወጣች፣ ሰፈሩን ዞረች፣ በመግቢያው ተመለሰች። ፍሬኑ ያዘ፣ መሪው ታዘዘ፣ ሬዲዮው ዘፈነ። ዋጋዋም ርካሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ሳላነብ ነው የፈረምኩት፣ ክቡር ፍርድ ቤት» የሚል ቃል በተየበች ቁጥር በሆዷ «አይ ሞኝ!» ስትል የኖረችው ሴት፣ «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» በሚል ወረቀት ላይ መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ ፈረመች።

ጉዱ የታየው ቤቷ በር ላይ ነው። ወደ ኋላ ብላ ግቢ ልታስገባት ማርሹን ሳበች። ካምቢዮው ድንጋይ እንደሚያኝክ ሰው ተንገጫገጨ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ደግማ ሞከረች። ያው ነው። የኋላ ማርሽ የሚባል ነገር የላትም።

ለሻጩ ደወለች። እናት ዓለም ቀርታለች።

«ሴትዮ፣ ባለችበት ሁኔታ ተረክበዋል። ፈርመዋል» አለና ዘጋው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ባሏ ከመስፊያው ኋላ። የሚስቱን ፊት ሲያይ ግን ቶሎ አሳመረው። «ምን አለበት ደግሞ? በእኛ ዕድሜ ወደ ኋላ ማለት ማንን ጠቀመ?»

አንድ ሳምንት ወደፊት ብቻ ተኖረ። ከቤት ሳትወጣ መንገዱን በወረቀት ትስለዋለች፤ የት እንደምትዞር፣ የት አፍንጫዋን ወደ ሜዳ ሰጥታ እንደምትቆም። ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ገበያ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ቀን ተሳስታ መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ ገባች፤ ጥላ ስር ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ወገባቸውን እየያዙ ገፍተው አወጧት። አንደኛው ላቡን እየጠረገ «እትዬ፣ ሁለተኛ ሲመጡ አስቀድመው ይደውሉ፤ ልጆቻችንን እንጠራለን» አላት።

ስለዚህ ጋራዥ ስትመርጥም በሙያው አልመረጠችም፤ በበሩ ነው። በአንድ በር አስገብቶ በሌላ የሚያስወጣ ጋራዥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሻጩ ግቢ ሦስት በር ወረድ ብሎ። መካኒኩ ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ሰደደና መኪናዋን አያት፤ ሳቀ።

«ይቺን ደግሞ ማን ሸጠልዎት እናቴ? ባለፈው ወር እዚሁ ነበረች እኮ! ያ ጎረቤታችን አምጥቷት፣ የኋላ ማርሹ ተበልቷል፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት ስለው፣ ‹ተወው፣ ገዢው ሲደርስበት ያውቀዋል› ብሎኝ ሄደ።»

እትዬ አራት ነጥብ መነጽሯን አደረገች።

«ይህንኑ በጽሑፍ ትሰጠኛለህ፣ የኔ ልጅ?»

መካኒኩ ጭንቅላቱን አከከ። ጎረቤት ነው፤ ግን ባለፈው የሠራለትን የሁለት ጎማ ሂሳብ ሻጩ ዛሬ ነገ እያለው ነበር። ጻፈላት። ማኅተምም ጨመረበት።

ከዚህ በኋላ ያለው የእሷ አገር ነው። «ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ፣ ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩት ማለቱ አያድነውም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንት ፍርድ ላይ እንደተየበችው ቁጥሩን አታውቀውም። የጽሕፈት ማሽኗን ከአልጋ ስር አወጣችና አንድ ገጽ ደብዳቤ መታች፦ ወይ በራስህ ወጪ አስጠግን፣ ወይ መኪናህን ወስደህ ገንዘቤን መልስ፤ ያለህ ጊዜ ዐሥር ቀን ነው። ሻጩ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሙቀት ነበርና ፊቱን አራገበበት። ዐሥሩ ቀን አለፈ። እሷ የሸማቾች ጽሕፈት ቤት ሄዳ ከነማስረጃዋ አመለከተች፤ ጉንፋን የያዛት ሠራተኛ ሁሉንም አንብባ መጥሪያ ጻፈች። «በፖስታ ይደርሰዋል» አለቻት።

«ፖስታን ለምን እናደክማለን? በመንገዴ ነው።»

ወደ ግቢው የሄደችው በቀይዋ መኪና ነው። በመግቢያው ሳይሆን በመውጫው ገባች። እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነው ትላለች፤ ባሏ ግን ያን ቀን ጠዋት መንገዱን በወረቀት ስትስል አይቷታል። መውጫው ወደ ግቢው ቁልቁል ነው። አሁን የገዙትን ነጭ መኪና ይዘው ሊወጡ ከነበሩ ባልና ሚስት ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠመችና ቆመች።

ሻጩ እየሮጠ መጣ።

«እናቴ፣ ይሄ መውጫ ነው! ወደ ኋላ ይበሉ!»

«እሺ።» ማርሹን ሳበች። ድንጋይ ታኘከ። «እምቢ አለች።»

«እንዴት እምቢ ትላለች?»

«እኔ ምን አውቄ? እንከን የለባትም ብለኸኛል፤ እጄ ይሆናል። እስቲ አንተ ሞክራት።»

ወርዳ በሩን በአክብሮት ያዘችለት። ገዢዎቹ እያዩት ምን ይበል? ገባ። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ማርሹን ሳበ፣ ገፋ፣ አባበለ። ላቡ በጆሮው ግንድ ወረደ። የነጯ መኪና ሴት አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«እትዬ፣ እርስዎም እዚህ ነው የገዙት?»

«አዎ፣ ልጄ። የአስተማሪ ነበረች ተብዬ።»

«የእኛም የአስተማሪ ነበረች ተብለናል!»

«ተመስገን! አስተማሪ ሁሉ መኪና እንዳለው አላውቅም ነበር።»

የሴቲቱ ባል ነጯን መኪና ወደ ኋላ ነዳት፤ ይቺኛዋስ ሄደች፤ ቦታዋ ድረስ መልሶ አቆማትና ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። «መካኒክ ይዤ ልምጣ» አለ።

ያኔ ሻጩ ከቀይዋ መኪና ወጣ። ድምፁ ቅቤ ሆኗል።

«እናት ዓለም፣ ምን ላድርግልዎ?»

መጥሪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። «እዚህ ጋ ፈርምልኝ። አንብበህ ታዲያ።»

አነበበ። ፈረመ። ከዚያ ከሦስት ሠራተኞቹ ጋር ትከሻውን ሰጥቶ መኪናዋን ዳገቱን ገፋ፤ እሷ መሪዋ ላይ ተቀምጣ «ትንሽ ወደ ግራ፣ አይዟችሁ!» ትላቸው ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ክርክሩ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የመካኒኩ ወረቀት ሲነበብ ሻጩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ካምቢዮውን በራሱ ወጪ እንዲያስጠግን ተስማማ። ሠራተኛዋ ልትጽፍ ስትል እትዬ አራት ነጥብ ጣቷን አነሳች።

«እስኪጠገን በምን ልሂድ? ወይ መኪና ይስጠኝ፣ ወይ ራሱ ያመላልሰኝ።»

ሻጩ ከግቢው መኪኖች አንዱን ለእሷ ማዋስ፣ ሌላ እንከን ታገኝብኛለች ብሎ አስፈርቶት፣ «ራሴ አመላልሳለሁ» አለ። ምን እንደሚጠብቀው አላወቀም። ጥገናው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዘጠኙን ቀን ጠዋት በሯ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ የእህቷ ቤት። እሷ ከኋላ ወንበር ሆና የተየበቻቸውን ፍርዶች አንድ በአንድ ትተርክለታለች፤ ስለተደበቀ ጉድለት ያሉትን መርጣ። መጀመሪያ ሰሞን ሬዲዮ ይከፍት ነበር። በአምስተኛው ቀን ራሱ ዘጋውና «ቆይ እትዬ፣ ሻጩ ባያውቅስ ኖሮ?» ብሎ ጠየቃት።

አሁን መኪናዋ በሁሉም ማርሽ ትሄዳለች። ሻጩም ያንን ሥራውን አልተወም፤ ቅቤውም አልቀነሰም። ግን አንዳንድ ቀን ይደውላል። «እትዬ፣ ይቺኛዋ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ወረቀቱ ላይ እንዴት ብዬ ልጻፈው?» ይላታል። እሷም እየሳቀች ቃል በቃል ታስጽፈዋለች።